ጣት በሰንሰለትና በብረት መሃል

እሱ፦ ክሬን ብረት ሲያነሣ አይተሽ ታውቂያለሽ? ረዳቱ ሰንሰለቱን በእጁ ይዞ ያስተካክላል፤ ኦፕሬተሩ ካለበት ቦታ የረዳቱን እጅ ላያየው ይችላል። ጭነቱ ወጠር ሲል ጣት በሰንሰለቱና በብረቱ መሃል ይቀራል።

እሷ፦ ወዲያው ደግሞ «ጥፋቱ የራሱ ነው» ይባላል።

እሱ፦ ይባላል! የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል።

እሷ፦ ሁልጊዜ?

እሱ፦ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ካላደረሰው። አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም እዚያው ይመደባሉ።

እሷ፦ እና «ተጠንቀቅ ብዬው ነበር» ግልጽ መመሪያ ሊሆን ነው? እኔ አይዋጥልኝም።

እሱ፦ ለኔም። ከሥራ ሲቀር ደመወዙስ?

እሷ፦ ጉዳቱ ጊዜያዊ ከሆነ እስከ አንድ ዓመት ይከፈለዋል፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉውን፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ቢያንስ 75 በመቶ፣ የቀሩትን 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ። ሕክምናው፣ መድኃኒቱ፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካሉ በአሠሪው ወጪ ነው።

እሱ፦ የቀን ሠራተኛው ግን «የተጻፈ ውል የለኝም» ብሎ ዝም ይላል።

እሷ፦ ዝም አይበል! ውሉ በጽሑፍ ባለመሆኑ በአዋጁ ያለውን መብት አያጣም። የሐኪም ወረቀቱ ላይ ጉዳቱ በሥራ ላይ እንደደረሰ መጻፉን ይይ። «ቤቴ ወድቄ ነው በል» የሚል አለቃ ከመጣ፣ እሺ እንዳይለው።