በክፍል ውስጥ «እኛ» ስንል እነማንን እንቆጥራለን?



በሲናና የስንዴ ማሳ ላይ ሴቶችም እንደሚያርሙና እንደሚያጭዱ ሁላችንም እናውቃለን። ይሁን እንጂ የግብርና መምህር «ገበሬው ያመርታል፤ ሚስቱም ታግዘዋለች» ሲል ይሰማል። በዚህች ዓረፍተ ነገር ማሳዋን ራሷ የምታስተዳድር እናት ረዳት ሆና ትቀራለች፤ ልጇም ተማሪ ሆና ይህንኑ ትሰማለች። አማርኛችን በነጠላ ቁጥር ወንድና ሴትን ይለያል፤ በብዙ ቁጥር ግን አይለይም። «አርሶ አደሮች ያመርታሉ» ለማለት ከባዕድ መበደር አያስፈልግም።

የሚከብደው የማስተማሪያው ቋንቋ ነው። መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ከየክልሉ የተመደቡ ተማሪዎችን ይቀበላል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሐሳቡ ሲጠጥር ግን መምህሩ ወደ አፋን ኦሮሞ ወይም ወደ አማርኛ ያዘነብላል። ማብራሪያውም፣ ቀልዱም ለከፊሉ ብቻ ይደርሳል። ከባሌ ገጠር የመጣው ወጣት በአማርኛ አነጋገሩ ሲሳቅበት፣ ከጎንደር የመጣችው ደግሞ ማብራሪያው ሲያልፋት፣ ሁለቱም ከዚያ በኋላ እጃቸውን አያወጡም። ያልጠየቀ ተማሪ በፈተና ይወድቃል፤ ወድቆም ወደ ቤቱ ሲሸኝ ስንፍና ነው ይባልለታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው ደንግጓል። ማብራሪያውን በሁለቱም መድገም፣ ሁለቱንም ለማይሰማ ደግሞ እንግሊዝኛውን ማቅለል የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው።

እኛ የቤተ ክርስቲያን ልጆች በተለይ ልንጠነቀቅለት የሚገባው ቃል «እኛ» የሚለው ነው። ባሌ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚገኝበት፣ ሙስሊም ወገኖቻችን የሚበዙበት ምድር ነው። መምህሩ «በእኛ ባህል ሙሽሮች ተክሊል ይደፋሉ» ሲል ብዙዎቹን በተወለዱበት አገር እንግዳ ያደርጋቸዋል። «በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ» ቢል አነጋገሩ ይበልጥ ይጠራል እንጂ እምነቱ አይጎድልበትም።

«ዕውር» የሚለውን ትተን «ዓይነ ስውር» ማለት መጀመራችን መልካም ነው። ነገር ግን በሰሌዳ የጻፈውን ድምፁን አሰምቶ የማያነብ መምህር በስሙ መለዘብ ብቻ ተማሪውን አልጠቀመውም። ዓይነ ስውር የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ቅኔ አስተምረዋል፤ ያም በሴት የቅኔ መምህር ባልተለመደበት ዘመን ነበር። የቅኔ ጉባኤ ቤት ትምህርቱ በቃል ስለሆነ የዓይን ብርሃን ማጣት ከመምህርነት አላገዳቸውም። የዛሬው ክፍል ከዚያ ምን ሊወስድ እንደሚችል፣ በየኮሌጃችሁ የሞከራችሁትን በሚቀጥለው የውይይት ሰዓት እንድታካፍሉን በትሕትና እንጠይቃለን።