«ሲስተም የለም» ከማለት በፊት
በሬዲዮ የተነገረ ንግግር



ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ ዳገቱን ወደ ሰሜን የወጣ ሰው እንጦጦ ማርያም ሲደርስ ጥቂት ማረፉና ቁልቁል መመልከቱ አይቀርም። አዲስ አበባ ከእግሩ በታች ተዘርግታ ትታየዋለች። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት በዚህ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በእርሳቸው ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ሲዘረጋ፣ ቃል በሽቦ ላይ ተሳፍሮ መጓዙ ለብዙው ሰው ምትሐት ይመስለው እንደ ነበረ ይነገራል። ዛሬ ደግሞ በዚያው በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ የጠፈር ምርምር ጣቢያ ቆሟል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ወደ ሕዋ የተወነጨፈችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ያነሣችውን ሥዕል ስትልክ፣ ያለ አንዳች ሽቦ የተቀበለው በዚሁ ተራራ የተተከለው መቀበያ ነበር።

እንግዲህ ከሰማይ የተላከው መልእክት እንጦጦ ከደረሰ፣ ከተራራው ሥር ባለው መሥሪያ ቤት አንዲት ገጽ ከአዲሱ ኮምፒውተር ተነሥታ ሦስት እርምጃ ርቆ ከተቀመጠው ፕሪንተር መድረስ ለምን ያቅታታል? የዛሬው ንግግራችን ስለዚህች ሦስት እርምጃ መንገድ ነው።

ነገሩ ከመስኮቱ ወዲህ ለተቀመጠው ሠራተኛ ቀላል ይመስለው ይሆናል፤ ከመስኮቱ ወዲያ ለቆመው ባለጉዳይ ግን ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ያህል ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ለቅማ፣ በጀርባዋ ተሸክማ፣ ገበያ አውርዳ በመሸጥ የምትኖር አንዲት እናት አለች እንበል። ልጇን ትምህርት ቤት ለማስገባት የልደት ምስክር ወረቀት ስላስፈለጋት የዚያን ቀን ሸክሟን ትታ መጥታለች። መዝገቡ ተገኝቷል፤ ስሙ ተጣርቷል፤ ፈራሚው ሹም በወንበራቸው ላይ ናቸው። የቀረው ማተም ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ከመስኮቱ «እማማ፣ ሲስተም የለም፤ ነገ ይመለሱ» የሚል ቃል ይሰማል። ይህች እናት ያጣችው አንድ ወረቀት አይደለም፤ የአንድ ቀን እንጀራ ነው። ነገ ብትመለስ ደግሞ የሁለት ቀን ይሆናል።

«ሲስተም የለም» የሚለው አነጋገር በከተማችን እጅግ የተለመደ ሆኗል። ነገር ግን ይህ ቃል መልስ አይደለም፤ ስሙ ያልታወቀ በሽታ ነው። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንዳሉት ሁሉ፣ ብልሽትም ቦታውና ስሙ ካልታወቀ አይድንም። ፕሪንተር ሳያትም ሲቀር ብልሽቱ ከአራት ስፍራዎች በአንዱ ነው፤ ይኸውም በፕሪንተሩ በራሱ፣ በአየር ላይ ባለው መገናኛ፣ በኮምፒውተሩ፣ ወይም በፊደሉ። ተራ በተራ ለሚመረምር ሰው አራት ስፍራ ብዙ አይደለም።

አስቀድሞ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ያለ ችግር ያትም የነበረውን አዲሱ ለምን አላትም ይላል? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ፣ አሮጌውን ኮምፒውተር በአዲስ የሚለውጥ መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህ ጥያቄ ሊገጥመው ይችላል። ምላሹም አዲስ ኮምፒውተር ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ እንደ መጣ ጸሐፊ ነው የሚል ነው። እጁ ፈጣን፣ ትምህርቱም የተሟላ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መዝገብ ቤቱ በየትኛው በር እንደሆነ አያውቅም። አሮጌው ኮምፒውተር በብዙ ዓመት አገልግሎቱ የዋይፋዩን ስም፣ የይለፍ ቃሉን፣ የፕሪንተሩን ቁጥር፣ ፕሪንተሩን የሚያናግርበትን ድራይቨር የተባለ ፕሮግራምና የአማርኛ ፊደሎችን ሁሉ ይዞ ነበር። አዲሱ ከእነዚህ አንዱንም ይዞ አልመጣም፤ ስለዚህ ሊነገረው ይገባል።

እንግዲህ ወደ ምርመራው እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ ባለጉዳይን ማሰናበት አይደለም፤ ኮምፒውተሩንና ፕሪንተሩን በገመድ ማገናኘት ነው። አብዛኛው የዋይፋይ ፕሪንተር በስተኋላው የገመድ መሰኪያ አለው። ይህ ተግባር ሁለት ጥቅም ይሰጣል። በገመድ ካተመ እናቲቱ ወረቀቷን ይዛ ትሄዳለች፤ እኛም ፕሪንተሩ ጤነኛ መሆኑን፣ ጥፋቱ ያለው በአየር ላይ ባለው መገናኛ ወይም ኮምፒውተሩ ያንን መንገድ በሚያውቅበት አኳኋን መሆኑን እንረዳለን። በገመድም ካላተመ ዋይፋዩን መውቀስ ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛው ፕሪንተሩን ለብቻው መጠየቅ ነው። አብዛኞቹ ፕሪንተሮች ያለ ኮምፒውተር እገዛ፣ በራሳቸው ቁልፍ ትእዛዝ፣ ስለ ራሳቸው የሚገልጽ አንድ ገጽ ያትማሉ። ይህ ገጽ ከወጣ ወረቀቱም ቀለሙም ደኅና ነው ማለት ነው። በገጹም ላይ ሁለት ነገሮች ይነበባሉ፤ አንደኛው ፕሪንተሩ የገባበት የዋይፋይ ስም፣ ሁለተኛው ራውተሩ ለፕሪንተሩ የሰጠው ቁጥር ነው። ቁጥሩ እንደ 192.168.1.45 ያለ በነጥብ የተለያየ አራት ክፍል ያለው ሲሆን፣ ለመሣሪያው እንደ ቤት ቁጥር ያገለግለዋል።

ሦስተኛው የሁለቱን መገናኛ ማመሳከር ነው። በገጹ ላይ የተጻፈው የዋይፋይ ስም ኮምፒውተሩ ከገባበት ስም ጋር አንድ ነውን? ብዙ ጊዜ አዲሱ ኮምፒውተር ሳይታሰብ በአንድ ሠራተኛ የእጅ ስልክ በኩል ኢንተርኔት ሲጠቀም ወይም ለእንግዶች በተለየው ዋይፋይ ሲሠራ ይገኛል። የእንግዶች ዋይፋይ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ተደርጎ የሚዘጋጅ ስለሆነ፣ ኢንተርኔቱ ሲሠራ ፕሪንተሩ ግን አይገኝም። ብዙዎች «ኢንተርኔት አለ፤ ፕሪንተሩ ለምን የለም?» እያሉ የሚገረሙት ስለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ ስለ ሞገዱም ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ኮምፒውተሮች በአየር መነጋገር የጀመሩት ዛሬ አይደለም፤ በ1971 እ.ኤ.አ. የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በባሕር የተለያዩ ደሴቶችን ያለ ሽቦ አገናኝቶ ነበር። ዛሬ ዋይፋይ የምንለው የመጀመሪያውን ደንቡን ያገኘው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። በየቢሯችን የሚገኙት ራውተሮች በብዛት በሁለት ሞገዶች ይሠራሉ፤ አንዱ 2.4 ሌላው 5 ጊጋኸርዝ ይባላል። አምስተኛው ፈጣን ነው፤ ግንብ ሲያጋጥመው ግን ቶሎ ይደክማል። ሁለት ነጥብ አራተኛው ዝግ ያለ ቢሆንም ግንብን በተሻለ ያልፋል። ብዙ ርካሽ ፕሪንተሮች የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ስለሆነ፣ ለ5 ብቻ የተለየውን ስም በፕሪንተሩ ላይ መፈለግ የሌለ ነገር መፈለግ ነው። በወፍራም የድንጋይ ግንብ በተሠራ አሮጌ ቤት የሚሠሩ ባልደረቦቻችንም ፕሪንተሩን ወደ ራውተሩ አንድ ክፍል አስጠግተው መሞከራቸው ተገቢ ነው።

አራተኛው የመብራት ነገር ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ መሣሪያዎቹ ሁሉ በአንድነት ይነሣሉ፤ ፕሪንተሩ ቀድሞ ነቅቶ ራውተሩ ገና ካልተነሣ ዋይፋዩን ሳያገኝ ሊቀር ይችላል። ራውተሩም ቁጥሮቹን እንደ ገና ሲያድል ትናንት 45 የነበረውን ፕሪንተር ዛሬ 52 ብሎ ሊጠራው ይችላል። ኮምፒውተሩ ግን የድሮውን በር እያንኳኳ «ፕሪንተሩ የለም» ይላል። መፍትሔውም ራውተሩን አስቀድሞ አብርቶ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ፕሪንተሩን ማስከተል፣ ከዚያም የራሱን ገጽ አሳትሞ ቁጥሩን ማስተያየት ነው። ለዘለቄታው የኮምፒውተር ባለሞያው በራውተሩ ላይ ለፕሪንተሩ የማይለወጥ ቁጥር እንዲመድብለት ማድረግ ይሻላል። አንድ ጊዜ የተደረገ ይህ ሥራ የዓመት ንትርክ ያስቀራል።

አምስተኛው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ነው። ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ እንደ አደባባይ ቦታ ቆጥሮ ራሱን ከሌሎች መሣሪያዎች ይሰውራል፤ የመሥሪያ ቤቱ ታማኝ መገናኛ ከሆነ ይህ እንዲስተካከል ያስፈልጋል። ነገር ግን የመከላከያ ግንቡን ፈጽሞ ማጥፋት ለአይጥ ብሎ ጎተራ እንደ ማቃጠል ነው። ቀጥሎ የሕትመት ወረፋውን ማየት ይገባል። አንድ የተበላሸ ሥራ ፊት ቆሞ ኋላ ያሉትን ሁሉ ሊያግድ ይችላልና፣ እርሱን ሰርዞ ወረፋውን ማስከፈት ነው። እንዲሁም ኮምፒውተሩ ወረቀት ወደማያወጣ፣ ጽሑፍን በፋይል ብቻ ወደሚያስቀምጥ ምናባዊ ፕሪንተር እየላከ እንደሆነ መመልከት ነው። ድራይቨሩም ለዚያው ለፕሪንተሩ ሞዴል የተሠራና ከአምራቹ የተገኘ መሆን አለበት፤ ስሙ ስለ ተቀራረበ ብቻ የሌላውን መጫን አይበጅም። እዚህ ላይ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ማስታወስ መልካም ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን የሚያይ ሰው ጥፋቱን ያገኛል፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ የነካካ ግን ቢድንለት እንኳ በምን እንደ ዳነ አያውቅም።

ስድስተኛውና የመጨረሻው የፊደላችን ጉዳይ ነው። ፕሪንተሩ አትሞ ሳለ በወረቀቱ ላይ በአማርኛው ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ወይም የተዘበራረቁ የላቲን ፊደሎችና ምልክቶች የሚወጡበት ጊዜ አለ። ይህ የዋይፋይ ጥፋት አይደለም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዓት የተመዘገበው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ፣ የአማርኛ ጽሑፍ የላቲን ፊደል ቦታ በያዙ ልዩ ልዩ የግል ፊደሎች ይጻፍ ነበር። በእነዚህ የተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ ፊደሉ በሌለበት አዲስ ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም ያጣል። ስለዚህ ከማተም በፊት ጽሑፉ በመስታወቱ ላይ መነበቡን ማየት ይበቃል፤ እዚያ ካልተነበበ በወረቀት ላይ ሊነበብ አይችልም። የቆዩ የመዝገብ ጽሑፎችን ቀስ በቀስ ወደ ዩኒኮድ መለወጥም ለነገው ሠራተኛ ትልቅ ውለታ ነው።

አድማጮች ሆይ፤ ሥራው ሲያስጨንቅ አንዳንድ ሠራተኛ ፋይሉን በቴሌግራም ልኮ ወይም በፍላሽ ይዞ በአቅራቢያው ካለው የፎቶኮፒ ቤት ያሳትማል። ይህ ለባለጉዳዩ አዝኖ የሚደረግ እንደሆነ አይጠፋንም። ሆኖም የሰው ስም፣ የልደት ቀንና የወላጆች ስም በማያውቁት ሰው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ ፍላሹም ሲመለስ ቫይረስ ይዞ ሊመለስ ይችላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰውን ምስጢር መጠበቅ የትሕትና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግ ግዴታ ነው። አስቀድመን ያልነው አንድ ገመድ በመሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ይህን ሁሉ ያስቀራል።

ከሁሉ በኋላ አልሆን ሲል ባለሞያ መጥራት ነውር የለውም። ነገር ግን «ፕሪንተሩ እምቢ አለ» ብሎ መጥራትና «የራሱን ገጽ ያትማል፤ በገመድም ያትማል፤ በዋይፋይ ግን መብራት ከተመለሰ ወዲህ አይገኝም» ብሎ መጥራት እጅግ ይለያያል። ሁለተኛው አጠራር የሥራውን ግማሽ ጨርሶ ይሰጠዋል። ስለዚህ በየፕሪንተሩ ላይ ሞዴሉ፣ የዋይፋዩ ስም፣ ቁጥሩና ቁጥሩ የተመደበበት ቀን የተጻፈበት አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንዲለጠፍ አሳባችንን እናቀርባለን። የይለፍ ቃሉ ግን ለባለጉዳይ በሚታይ ስፍራ አይለጠፍ። የሚዛወረው ሠራተኛ ዕውቀቱን ይዞ ቢሄድ እንኳ ወረቀቱ ለተተኪው ይነግረዋል።

ለባለጉዳይ እውነተኛውን መንገር ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። «እማማ፣ መሣሪያው ከመገናኛው ተለይቷል፤ ሩብ ሰዓት ይቀመጡ፣ እንሞክረዋለን» የሚል ቃል የሰማች እናት ወንበር ይዛ ትጠብቃለች። ሩብ ሰዓት መጠበቅ አንድ ቀን ከማጣት ይሻላልና።