ለተዝካር ያልጠፋ ገንዘብ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ የአረጋውያን ሕክምና ነው። ይህ ነገር በመካከላችን በተነሣ ቁጥር፥ «አገራችን የወጣቶች አገር ናት፤ ገንዘቧም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ያለው ሁሉ ለእናቶችና ለሕፃናት ይዋል፤ ሽማግሌውማ ዕድሜውን ጠግቧል» የሚል ክርክር ይሰማል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ክርክሩም በእኛ አልተጀመረም። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዳንኤል ካላሃን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰው የተፈጥሮ ዕድሜውን ከኖረ በኋላ ሕይወቱን ለማራዘም ብቻ በሚደረግ ውድ ሕክምና ላይ የሕዝብ ገንዘብ መዋል የለበትም ብሎ ተከራክሯል። ሕመሙን ማስታገስና እርሱን መንከባከብ ግን ይቅር አላለም።

እስቲ ይህን ክርክር ወደ ፎገራ ሜዳ ይዘነው እንሂድ። በወረታ አጠገብ በቁሐር ሚካኤል የሚኖሩ አንድ የ70 ዓመት አባት የሚጠይቁት ምንድን ነው? በመሣሪያ ተንፍሰው አንድ ወር እንዲጨመርላቸው አይደለም። የሚጠይቁት ለደም ግፊታቸው በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን፥ ለዓይናቸው የሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና፥ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ወዳለው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ቢላኩ የመኪና መሳፈሪያ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ውሃው ሜዳው ላይ ሲተኛ ደግሞ፥ ደግፎ እስከ መኪናው መንገድ የሚያደርሳቸው ሰው ነው። እንግዲህ አሜሪካኖች የተከራከሩበት ወጪና የእኛ ወጪ ለየቅል ናቸው።

አሁን ደግሞ አለማከም ምን ያህል እንደሚያስወጣ እንመልከት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ውጤቱ የታወቀው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት፥ ከዓይነ ስውራኑ ግማሽ ያህሉ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ግርዶሽ መሆኑን አሳይቷል። ይህ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚገፈፍ ደዌ ነው። ሳይገፈፍ ሲቀር ግን ሽማግሌው መሪ ያሻቸዋል፤ ብዙ ጊዜም መሪው የልጅ ልጅ ነው፤ ዱላውን ይዞ የሚመራ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤት አይውልም። የደም ግፊቱም ሳይታከም ቆይቶ ግማሽ አካል ሽባ ቢያደርግ፥ ሴት ልጃቸው ወይም ምራታቸው ከአልጋው አጠገብ ታስራ ትቀራለች፤ ሩዙን የሚያርም እጅም ይጎድላል። የሽማግሌውን ክኒን በአንድ መዝገብ፥ የሕፃኑን ክትባት በሌላ መዝገብ ጽፈን የምናፎካክራቸው እኛ ነን እንጂ፥ ሁለቱ የሚኖሩት በአንድ ጣራ ሥር ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

«ሕፃንና ሽማግሌ በአንድ ሌሊት ቢመጡና መድኃኒቱ ለአንድ ብቻ ቢሆንስ?» የሚለኝ ወንድም ይኖራል። ሐኪሙ በሕመሙ ጽናትና መድኃኒቱ በሚሰጠው ተስፋ ይፍረድ። ሁሉም ነገር እኩል ከሆነ ለሕፃኑ ይሰጥ እላለሁ፤ ሽማግሌውም ራሳቸው ይህንኑ የሚሉ ይመስለኛል። ነገር ግን የዚያች የክፉ ሌሊት ፍርድ የዘወትር ሕግ ሊሆን አይገባም።

«ገንዘብ ከየት ይምጣ?» ለሚለው ግን ወደየመንደራችን እንመልከት። ሽማግሌው ያረፉ ዕለት እድሩ ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይተከላል፤ አልቃሽ ይበላል፥ ይጠጣል። በአርባው ተዝካር ይወጣል፤ ሰንጋ ይታረዳል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ ለዚህ ሲል ዕዳ የሚገባ ቤተ ሰብም አለ። ሙታንን ማክበር ነውር ነው አልልም። ነገር ግን በሕይወት ሳሉ የክኒን መግዣ ያላገኘንላቸውን ሰው፥ ከሞቱ በኋላ በሬ አርደን ብንዘክራቸው ያጣነው ገንዘብ ነበረ ለማለት ያስቸግራል።

የእድርን ጥበብ ለሕያዋን ማዋል እንደሚቻል ደግሞ ፎገራ ራሷ ምስክር ናት። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፥ ከአማራ ክልል ከተመረጡት ወረዳዎች አንዷ ፎገራ ነበረች። ጤነኛው ለታመመው፥ ጎልማሳው ለሸመገለው በየዓመቱ ያዋጣል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻ መንግሥት ይከፍልለታል። ነገር ግን መድኅን ያለ መድኃኒት ባዶ ደብተር ነው። አባል ሆኖ የከፈለ ሰው «መድኃኒቱ አልቋል፤ ከውጭ ግዛ» ከተባለ፥ በሚመጣው ዓመት ለመክፈል እጁ ያጥረዋል። ከዚህም በላይ ወሊድ፥ ክትባት፥ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በነጻ እንዲሰጡ ሲደረግ፥ በእርጅና የሚበረቱት ደም ግፊትና ስኳር በዚያ መዝገብ አልገቡም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። አቅም የሚለካው ግን በካዝናው ውስጥ ባለው ብቻ ሳይሆን ማንን በማስቀደማችንም ጭምር ነው።

ስለዚህ ሦስት አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፥ እድሮቻችን ከሚሰበስቡት ጥቂቱን ለይተው አቅም ላነሳቸው አረጋውያን አባሎቻቸው የመድኅኑን መዋጮ ይክፈሉ። ሁለተኛ፥ የደም ግፊትና የስኳር ክኒን በየወሩ በቅርብ ጤና ኬላ ይታደል፤ ለአንድ ክኒን ሲሉ ሽማግሌ ጎርፍ አይሻገሩ። ሦስተኛ፥ እኛ ተማሪዎች በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ፥ ከጎረቤት አረጋውያን የመድኅን ደብተር የሌላቸው እነማን እንደሆኑ፥ ያላቸውም መድኃኒቱን ማግኘት አለማግኘታቸውን ጠይቀን ለማኅበራችን ጽሑፍ እናቅርብ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው፥ እነርሱ አርሰውና ሸምተው ስላስተማሩን ነው። ተዝካሩን ለማውጣት የማንሰንፍ ልጆች ከሆንን፥ ክኒኑን ለመግዛትም አንስነፍ።