ይግባኝ ቀን አለው
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በፀሐፊው የተሰጠ ንግግር)



ድልድያችን የተጠራባቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ (አባ መላ) የጦር ሚኒስትር ብቻ አልነበሩም፤ በፍርድ አዋቂነታቸውም የታወቁ ነበሩ። እኛ ግን በእሳቸው ስም በሚጠራ ሰፈር እየኖርን፣ የይግባኝን ቀን ባለማወቅ ቤትና ንብረት የምናጣ ሆነናል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

አንዲት የሰፈራችን እናት በውርስ ቤት ክርክር ተረቱ። ወረቀቱን ለጠበቃ ሰጥተው፣ «አይዞዎት እማማ» ተብለው ተቀመጡ። ይግባኙ ሲቀርብ ጊዜው አልፎ ኖሯል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 323 የይግባኝ ማመልከቻ ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ይቅረብ ይላል። ልብ በሉ፤ የሚቆጠረው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ነው እንጂ ግልባጩ እጃችን ከገባበት አይደለም። ደግሞም 60 ቀን ሁልጊዜ ሁለት ወር አይደለም። ሐምሌ 20 ለተሰጠ ፍርድ 60ው ቀን የሚሞላው መስከረም 15 ነው፤ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ መስከረም 14። «እስከ መስከረም 20 ጊዜ አለኝ» ያለ ሰው ተበላ ማለት ነው።

ቀኑ ያለፈበትስ? መዝገብ ቤቱ ማመልከቻውን አይቀበልም፤ ነገር ግን ሰውዬው በ10 ቀን ውስጥ የማስፈቀጃ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። የዘገየበትን በቂ ምክንያት በመሐላ አስደግፎ ያስረዳል። «ጠበቃዬ ወይም ወኪሌ ረሳው» ማለት ግን አያድንም፤ ቁጥር 326 ይህን አይቀበልም። እኚያን እናት የጎዳቸው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነገር ማስያዣ ነው። ከሳሹ ውጭ አገር የሚኖር ከሆነና ከተካሰሱበት ንብረት ሌላ እዚህ አገር በቂ የማይንቀሳቀስ ንብረት ከሌለው፣ ፍርድ ቤቱ ለተከሳሹ ወጪና ኪሳራ ዋስትና እንዲያቀርብ ሊያዘው ይችላል። በተባለው ጊዜ ካላቀረበ ክሱ ይዘጋል። በይግባኝም ጊዜ ይግባኝ ባዩ ለወጪ ዋስ ጥራ ሊባል ይችላል። አሜሪካና ዓረብ አገር ያሉ ልጆቻችን በወላጆቻቸው ቤት ጉዳይ ሲከራከሩ ይህን አስቀድመው ይወቁት፤ ገንዘቡን ወይም ዋሱን ያዘጋጁ።

ሦስተኛው፤ ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸምን አያስቆምም። ቤቱ እንዳይሸጥ ወይም እንዳንለቅ ከፈለግን የእግድ አቤቱታ ለብቻው እናቅርብ። ለእግዱም ዋስትና ሊጠየቅ ይችላል። ለዳኝነት የሚከፍለው የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ማመልከት እንደሚችልም አይርሳ።

እንግዲህ አደራ የምንላችሁ ይህን ነው። ፍርድ የተሰጠበት ሰው በዚያው ሳምንት ወደ ማኅበሩ ቢሮ ይምጣ። እኛ ጠበቃ አይደለንም። ቀኑን ግን በደብተራችን መዝግበን አብረን እንቆጥራለን፤ 45ኛው ቀን ላይ ይግባኙ ገብቶ እንደሆነ ቤት ድረስ ሄደን እንጠይቃለን። ጠበቃ የያዘም ቢሆን መዝገብ ቤት የተቀበለበትን ማኅተም በዓይኑ ይይ። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችንም ይህን ጽሑፍ አንብቡላቸው።


የማኅበሩ ፀሐፊ