ቢስክሌታችንን የት እንሰረው?

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት ከዚህ መድረክ ላይ የተናገሩት ሰዎች ስለ አገር ዕድገትና ስለ ትምህርት ብዙ ቁም ነገር አሰምተውናል። እኔ የመጣሁት ስለ አንድ ቁራጭ የብረት ቱቦ ለመናገር ነው። ይኸውም ቢስክሌት የሚታሰርበት ቱቦ ነው። መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ፤ ስቆ ሲጨርስ ግን ያዳምጠኝ፤ ይህ ቱቦ በመታጣቱ ከደመወዙ የሚጎድልበት፥ ከሥራው የሚዘገይና ንብረቱን የሚያጣ ሰው በመካከላችን አለና።

ቢስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ባሕር ዳርን ወይም ሐዋሳን ያየ ሰው ሠራተኛውም ተማሪውም በቢስክሌት ወደ ጉዳዩ ሲሄድ ተመልክቶአል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ ከሯጮቻችን ጋር ቢስክሌት ነጂዎቻችንም ተሰልፈው ነበር። አዲስ አበባ ግን ዳገታም ናት እየተባለ ለቢስክሌት የማትሆን ከተማ ተደርጋ ስትቆጠር ኖራለች። እውነት ነው፤ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ሲሆን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ነገር ግን በየማለዳው ከቦሌ ተነሥቶ እንጦጦ ጫፍ ላይ ቢሮ የሚገባ ሰው አላውቅም። ከዳገቱ ይልቅ ሰውን ከቢስክሌት ያራቀው መኪና ይገጨኛል የሚለው ፍርሃት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም አንዳንድ መንገዶች በተወሰኑ እሑዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለቢስክሌት ሲለቀቁ፥ ብዙ ሰው ይህን ፍርሃት ለጥቂት ሰዓት ረሳው። ቀጥሎም የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚያገለግል የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አወጣ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ በኩል ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድና በሌሎችም ዋና ዋና መንገዶች ዳር የቢስክሌት መተላለፊያ ተሠራ።

እንግዲህ መንገድ ተገኘ። መንገዱ ግን ሰውን የሚያደርሰው እስከ መሥሪያ ቤቱ በር ድረስ ነው። ባለቤቱ ሥራ ላይ በሚውልበት ስምንት ሰዓት ቢስክሌቱ የት ይዋል? ስትራቴጂ የሚጽፈውም ሆነ መንገድ የሚሠራው የመሥሪያ ቤቱን አጥር አልፎ አይገባም። ይህን የሚወስነው የግቢው ሹም ነው፤ የግቢው ሹም ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በመኪና የሚመጣ ሰው ነው።

እስቲ ነገ ጧት ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ቆማችሁ ተመልከቱ። አውቶሞቢል ሲመጣ ዘበኛው ፈጠን ብሎ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ ከሥሩ በመስተዋት ይፈትሻል፤ ከዚያም እጁን አንሥቶ ሰላምታ ይሰጣል። መኪናው በተሰመረለት ቦታ፥ ብዙ ጊዜም በቆርቆሮ ጥላ ሥር ይቆማል። ባለቢስክሌቱ ሲመጣ ግን «አንተ፥ ወዴት ነው?» ይባላል። መታወቂያውን አሳይቶ ሠራተኛ መሆኑ ከታወቀ በኋላም «አንተ ግባ፤ እሱን ውጭ ተወው» ይባላል። ዘበኛውን አልወቅሰውም። ስለ ቢስክሌት የተሰጠው ትእዛዝ የለም፤ ትእዛዝ የሌለው ዘበኛ ደግሞ መከልከልን ይመርጣል።

የማውቀው አንድ የላቦራቶሪ ረዳት አለ፤ የሚሠራበትን ቦታ ስም አልጠራም። በቀን አራት ታክሲ መያዝ ደመወዙን ስለ በላበት ገንዘብ ተበድሮ ቢስክሌት ገዛ። በመጀመሪያ ከዋናው በር አጠገብ ካለው የአጥር ብረት ጋር አሰረው፤ «የግቢውን ውበት ያበላሻል» ተብሎ አነሣ። ቀጥሎ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ተሸክሞ እየወጣ ከሥራ ክፍሉ ደጅ ያቆመው ጀመር፤ ጎማው ወለሉን ጭቃ አደረገው ተባለ፤ በዚህስ የጽዳት ሠራተኛዋ እውነት አላት። በመጨረሻ ከሕንጻው ጀርባ፥ ከጄኔሬተሩ ቤት ጎን፥ ማንም ከማያየው ስፍራ ከአንዲት የጽድ ዛፍ ጋር አሰረው። ጥቂት ወራት በሰላም አለፉ። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ሲወጣ የፊት ጎማው እንደ ታሰረ ከዛፉ ሥር ቆይቶታል፤ የቀረው የቢስክሌቱ አካል በሙሉ ሄዶአል። ለግቢው ኃላፊ ቢያመለክት «እዚያ እሰር ያለህ ማን ነው?» የሚል መልስ ተሰጠው። በእርግጥም እዚያ እሰር ያለው ሰው አልነበረም፤ ሌላ ቦታ እሰር ያለውም አልነበረም። ያ ሰው ዛሬ ወደ ታክሲው ሰልፍ ተመልሶአል፤ የቢስክሌቱን ዕዳ ግን ገና እየከፈለ ነው።

ይህ አሰራረቅ ብልሃቱ ቀላል ነው። የፊት ጎማን የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ በአንዳንዱ አዲስ ቢስክሌት ላይማ ያለ መፍቻ በእጅ ይፈታል። ስለዚህ ጎማውን ብቻ ያሰረ ሰው ጎማውን ብቻ ያስቀራል። ቁልፉ መያዝ ያለበት ቴላዮውን ነው፤ ቢቻል ቴላዮውንና የኋላውን ጎማ ባንድነት። ቀጭን የሽቦ ገመድ ያለው ቁልፍ በመቁረጫ ባንድ ጊዜ ይበጠሳል። ወፍራም ሰንሰለት ከጠንካራ ጋን ቁልፍ ጋር፥ ወይም እንደ ፈረስ ኮቴ የተቀለበሰው የብረት ቁልፍ ግን ሰጌቶና ጊዜ ይፈልጋል። ሌባ ደግሞ አብዝቶ የሚፈራው ጊዜንና የሰውን ዓይን ነው። በጨለማ ጥግ የታሰረ ቢስክሌት፥ ቁልፉ ምንም ቢሆን፥ ለሌባው ጊዜውን በነጻ ሰጥቶታል።

አንዳንድ ግቢዎች «ማሰሪያ አለን» ብለው የሚያሳዩት ከፌሮ የተበየደ፥ የፊት ጎማ ብቻ የሚሰካበት መደርደሪያ ነው። ይህ ቴላዮውን ለማሰር አያመችም፤ ቢስክሌቱ በተገፋ ቁጥርም ቸርኬውን ያጣምማል። ገንዘብ ወጥቶበት የማይረዳ ዕቃ ነው። የሚረዳው ከዚህም የቀለለ ነው፤ አንድ ቱቦ ልክ እንደ «በ» ፊደል ሁለት እግር እንዲኖረው ሆኖ ይበየዳል፤ ከመሬት በላይ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ እግሮቹ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በኮንክሪት ውስጥ ይቀበራሉ። እንግሊዞች በሼፊልድ ከተማ ስም ይጠሩታል፤ እኛ «በ» ብንለው ይበቃል። በግራና በቀኙ አንዳንድ ቢስክሌት ደግፎ ይይዛል፤ ቴላዮውም ጎማውም ከእርሱ ጋር ይታሰራሉ። ለአንዱ «በ» ሦስት ሜትር ቱቦ አይሞላም። ቱቦ ከገበያ የሚገዛው በ6 ሜትር ቁመት ስለ ሆነ ከአንድ ቱቦ ሁለት ማሰሪያ፥ ይህም ማለት ለአራት ቢስክሌት የሚሆን ይወጣል።

ቦታውንም እንለካ። አንድ የመኪና ማቆሚያ ብዙ ጊዜ ሁለት ሜትር ተኩል በአምስት ሜትር ነው። ማሰሪያዎቹ አንዱ ከሌላው አንድ ሜትር ተራርቀው ቢተከሉ በዚያ ስፍራ አምስቱ ይገባሉ፤ ዐሥር ቢስክሌት ማለት ነው። በዚያው ስፍራ የሚቆመው መኪና ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው አንድ ሰው ነው። የቀረውን ሒሳብ ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች እተዋለሁ። ስፍራው ግን ከዘበኛው ጎጆ ፊት ለፊት፥ ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ዳር መሆን አለበት። ይህን በተለይ ስለ እኅቶቻችን እላለሁ። የማታ ትምህርት ወይም የማታ ሥራ ያላት ሴት ቢስክሌትዋን ከሕንጻ ጀርባ በጨለማ ፈልጋ እንድታወጣ ማድረግ፥ ቢስክሌቱ ባይሰረቅም እንኳ፥ ከቤትሽ አታምጪው ብሎ መከልከል ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ካቴናው እንዳይዝግ ከላይ ቆርቆሮ ቢደረግበት ደግሞ መልካም ነው፤ የመኪናዎቹ ጥላ ካለ ትራፊውም ይበቃናል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ብዙ የግቢ ሹሞች ቱቦ መትከሉን አይጠሉትም፤ የሚፈሩት ኃላፊነቱን ነው። ስለዚህ «ለሚጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ሰሌዳ ይሰቅላሉ። የሕግ ተማሪዎች እንደሚያውቁት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አደራ የሚናገር ክፍል አለው፤ የሌላውን ዕቃ ሊጠብቅ የተቀበለ ሰው ጠብቆ የመመለስ ግዴታ አለበት። ሹሞቹ የሚሸሹት ይህን ነው። ዘበኛው ቁጥር ያለበት ቆርቆሮ ሰጥቶ ቢስክሌቱን ከተረከበ አደራ ተቀበለ ሊባል ነው።

ይባል እንጂ! ሠራተኛው የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም፥ ገንዘብና ማይክሮስኮፕ ፈርሞ ይረከብ የለምን? ቢጠፋበትስ ከደመወዙ ይቆረጥበት የለምን? ያ የላቦራቶሪ ረዳት ከንብረት ክፍል ፈርሞ የተረከበው መሣሪያ ዋጋው ከቢስክሌቱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እርሱ ለመሥሪያ ቤቱ የዚያን ያህል ታማኝ እንዲሆን ሲጠየቅ፥ መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ቢስክሌት ለስምንት ሰዓት ታማኝ መሆን አቃተኝ ሲል ነገሩ ያስገርመኛል። የሚያስፈልገው አሠራር ማንም የሚያውቀው ነው፤ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ቆርቆሮዎች ይዘጋጃሉ፤ አንዱ ከቢስክሌቱ መሪ ላይ ይንጠለጠላል፥ ሁለተኛውን ባለቤቱ በኪሱ ይይዛል፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ቢስክሌት ከበር አይወጣም።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻሉ ነበር። እንግዳ በበቅሎ ሲመጣ ገና ሳይቀመጥ በቅሎዋ ተቀባይ ታገኛለች፤ ኮርቻዋ ይወርድላታል፤ ሣር ይቀርብላታል። «አንተ ግባ፤ በቅሎህን ውጭ ተዋት» የሚል ባለቤት ቢገኝ ነውሩ ከአገር አገር ይወራ ነበር። ስለ በቅሎ ካነሣን ዘንድ፥ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፥ በራሷ አሳጠረች» ይባላል። የግቢ ሹሞችም ሠራተኛው ተማርሮ ቢስክሌቱን ቢተወው በራሱ ላይ አሳጠረ ብለው ያስቡ ይሆናል። ነገር ግን ጧት በታክሲ ሰልፍ ላይ የሚጠፋው ሰዓት የማን ነው? ሠላሳ ተማሪ የላቦራቶሪው በር እስኪከፈትለት ኮሪደር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ገመዱ ያጠረው በማን ላይ ነው?

በሌላ አገር ይህ ጉዳይ ለሹሙ ደግነት አልተተወም። በለንደን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የከተማ ፕላን አዲስ የሚሠራ ቢሮ በየ150 ካሬ ሜትሩ፥ በአንዳንድ ሰፈሮችም በየ75 ካሬ ሜትሩ፥ ቢያንስ አንድ የሠራተኛ ቢስክሌት ማቆሚያ እንዲኖረው ይጠይቃል። በሆላንድ አገር ከዩትሬክት ባቡር ጣቢያ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2019 ተሠርቶ ያለቀው ማቆሚያ ከ12,000 በላይ ቢስክሌት ይይዛል። ሆላንድ ሜዳ ነው፥ ሀብታምም ነው፤ ዩትሬክትን እንምሰል ማለቴ አይደለም። የለንደኑ ደንብ ግን ቀለምና ወረቀት እንጂ ሌላ ሀብት አልጠየቀም። የሕንጻ ንድፍ የምትማሩ ጓደኞቼ የመመረቂያ ሥራችሁን ስታሳዩ የመኪና ማቆሚያውን በጥንቃቄ ስላችሁ አይቻለሁ፤ አንድም «በ» ግን ከንድፋችሁ ላይ አላየሁም።

«ባለቢስክሌቶች ጥቂቶች ናቸው» የሚል መልስ እንደሚመጣብን ከወዲሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ማኅበራችን ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት ቁጥር መያዝ አለበት፤ ቁጥር የሌለው ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ አምስት ቀን፥ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፥ በየበሩ ሁለት ሁለት ሰው ቆሞ በቢስክሌት የሚገባውን ይቁጠር። ይህ ብቻ ግን አይበቃም። በእግሩና በታክሲ የሚመጣውንም፥ መምህሩንም የጽዳት ሠራተኛዋንም፥ «ቤትዎ ቢስክሌት አለ ወይ? ካለስ ለምን አላመጡትም?» ብለን መጠየቅ ይገባናል። እኔ ከፍ ብሎ ይገኛል ብዬ የምጠብቀው ይህኛው ቁጥር ነው።

ከዚያ በኋላ የምንጠይቀው ከዋናው በር አጠገብ ካሉት የመኪና ማቆሚያዎች ሁለቱ እንዲለቀቁልን ነው። ለሃያ ቢስክሌት አምስት ቱቦ ይበቃል፤ የቱቦውን ዋጋ ማኅበሩ ያዋጣ፤ ብየዳውን የምሕንድስና ተማሪዎች በወርክሾፑ ይሥሩት፤ ቆርቆሮውና የዘበኞቹ መመሪያ ከአስተዳደሩ ይምጣ። ተመርቀን በየመሥሪያ ቤቱ ስንበተን የምናሳየው ናሙና ይኖረናል።

ለቆጠራው ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ዛሬውኑ ለማኅበሩ ጸሐፊ አስመዝግቡ፤ እርሳስና ወረቀት ማኅበሩ ያዘጋጃል። በቢስክሌት የምትመጡ ደግሞ በቆጠራው ሳምንት ከዘበኞቹ ጎጆ ጎን እንድታቆሙ የጥበቃው ኃላፊ ፈቅደውልናል፤ ቁልፋችሁን ግን ይዛችሁ ኑ።