ከእናት ብቻ የሚወረሰው የበቆሎ ዘር ጉዳይ



የዲቃላ በቆሎ ዘር የሚያባዛ አርሶ አደር ትልቁ ድካሙ ወንዴ አበባ መንቀል ነው። በእናት መስመሮች ላይ ያለው ወንዴ አበባ ዱቄቱን ሳይበትን በእጅ ካልተነቀለ እናቲቱ ከራሷ ዱቄት ፍሬ ትይዛለች፤ ዘሩም ዲቃላ መሆኑ ይቀራል። ለቀን ሠራተኛ የሚወጣውን ገንዘብ ያየ ሰው፣ ወንዴ አበባው ከተፈጥሮው መካን የሆነ በቆሎ ቢመኝ አይፈረድበትም። እንዲህ ያለ በቆሎ በአሜሪካ ነበረ።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ህዋስ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ የተክል ህዋስ ውስጥ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጡ፣ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን አካላት አሉ። የራሳቸው የዘር ጽሑፍ አላቸው፤ በበቆሎና በአብዛኛዎቹ አበባ በሚያብቡ ዕፅዋትም የሚወረሱት ከእናት ነው። የሰው ሚቶኮንድሪያ ጽሑፍ 16,569 ፊደላት ያህል ሲሆን የበቆሎው ወደ 570 ሺህ ይጠጋል። ፊደላቱ አንድ በአንድ የሚለወጡት እጅግ በዝግታ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ ይበጠሳል፣ ቦታ ይቀያየራል፣ ከሌላው የህዋስ ክፍልም ቁራጭ ይዋሳል፤ ደጋግሞ እንደተጣፈ ልብስ ማለት ነው። አልፎ አልፎም ከጥፍጥፉ መካከል ከዚያ በፊት ያልነበረ ዘረ-መል ይወጣል።

“ቴክሳስ” የተባለችው የበቆሎ እናት የያዘችው እንዲህ ያለውን ዘረ-መል ነበር። በእርሱ ምክንያት ወንዴ አበባው ዱቄት አይሰጥም። ዘር አምራች ኩባንያዎች የነቀላው ወጪ ስለቀረላቸው ወደዷት፤ በገበሬው ማሳ ላይ ፍሬ እንዲያዝም መካንነቱን የሚሽር ዘረ-መል በአባት መስመር በኩል አስገቡ። እ.ኤ.አ. በ1970 ከአገሪቱ በቆሎ 85 በመቶ ያህሉ የእርሷ ዘር ነበር። የዝርያዎቹ ስም ብዙ፣ አባቶቻቸው ልዩ ልዩ፣ እናታቸው ግን አንዲት!

ይህ በቆሎ ለቅጠል አቃጣይ በሽታ እንደሚጋለጥ ከፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ1961 ተነግሮ ነበር፤ በቂ ሰሚ አላገኘም። በ1970 አንድ የፈንገስ ዓይነት ከደቡብ ግዛቶች ተነስቶ በነፋስ ወደ ሰሜን ተዛመተ። የፈንገሱ መርዝ የሚይዘው ከዚያው አዲስ ዘረ-መል የሚሠራውን ፕሮቲን ነው። መርዙ ሲነካው የሚቶኮንድሪያው ሽፋን ይበሳል፣ ህዋሱም ይሞታል። ሌላ እናት ያለው በቆሎ ብዙም አልተጎዳም። በዚያ ዓመት ከአገሪቱ የበቆሎ ምርት 15 በመቶ ያህሉ ጠፋ፤ ኪሳራውም 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገመተ። ኩባንያዎቹም ወደ ነቀላ ተመለሱ።

መካንነቱ በራሱ ክፉ አይደለም። በቻይና ከሌላ ምንጭ በተገኘ መካን እናት ዲቃላ ሩዝ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲመረት ቆይቷል። በአሜሪካ የጎዳው አገር ሙሉ በአንዲት እናት ላይ መደገፉ ነው። በኢትዮጵያ የዲቃላ በቆሎ ዘር ብዜት ነቀላው በአብዛኛው በእጅ ነው። ዘር አባዥ ማህበራት ውል ሲፈራረሙ የነቀላውን የሠራተኛ ሂሳብ ከዘሩ ዋጋ ጋር በግልጽ ማስያዝ፣ መካን እናት ከቀረበችላቸውም ምንጯን መጠየቅ ይችላሉ።