ያገለገለ ጠመንጃ ከሰው እጅ ስለመግዛት



አንድ ሰው ሲያርፍብን፣ ድንኳኑ ሳይነቀል «የሟቹ ምንሽር ይሸጣል ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ዋጋውን ተዉትና አስቀድማችሁ ወረቀቱን ጠይቁ እንላለን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝንም መገበያየትንም ይከለክላል። የሟቹ ፈቃድ ደግሞ የሟቹ ነው፤ ከብረቱ ጋር ለገዢ አይሸጥም። በፈቃዱ የተጻፈውና በብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር አንድ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ቁጥሩ ከተፋቀ ወሬም አያስፈልግ፤ የማን ደም እንዳለበት ማን ያውቃል? «ዛሬ ካልከፈልክ ሌላ ይወስደዋል» ቢሏችሁ፣ ይውሰደው! የመንደር ውልና ሦስት ምስክር ፈቃድ አይሆንም። ሐዘንተኛዋ እናታችንም መሣሪያውን ለፖሊስ ያስታውቁ፤ ብቻቸውን እንዳይንገላቱ ጸሐፊያችን አብሯቸው ይሄዳል። ቀብድ የሰጣችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ከስብሰባው በኋላ አነጋግሩን።